የሽንኩርት ቤት ኮምፒውተሮች

ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ ሽታ አለ። ግማሹ የሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ኮምፒውተር ሲነሳ ውስጡ ያደረው አቧራ ሞቆ የሚያወጣው ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚመስሉ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት አልችልም። ሸዋሮቢት ውስጥ እንኳ ይህን ሽታ የሚያውቀው እኔ ቤት ጽሑፍ ያስጻፈ ወይም የተማረ ሰው ብቻ ነው። ባለፈው አንዲት ሴት ከደብረ ብርሃን መጥታ በሩ ላይ ቆመችና አፍንጫዋን ይዛ «ምንድን ነው የሞተው?» አለችኝ። «ምንም የሞተ የለም። የሞተ ነገር ሽታው ሌላ ነው፤ ይኼ የሠራተኛ ሽታ ነው» አልኳት። ቁጣዬ ለእሷ እንኳ አልነበረም። ሰሞኑን «ሞቱ» የሚሉኝ ሰዎች በዝተው ስለነበር መልሱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነው ያገኘችው። እሷም ሽታውን ረሳችውና ማመልከቻዋን አስጽፋ ሄደች።

ሞቱ የተባሉት ኮምፒውተሮቼ ናቸው። ስክሪናቸው ሆዱ የወጣ፣ ሣጥናቸው ድሮ ነጭ የነበረ፣ አሁን የወተት ሻይ የሚመስል። የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው በነጻ በሚታደል ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት አዘጋጅተው ለዓለም የሚያድሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ብዙዎቹ ደሞዝ እንኳ አይከፈላቸውም። እነዚህ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ሠላሳ ሁለት ቢት ለሚባሉት ለቆዩት ማሽኖች አዲስ ነገር አናወጣም ያሉት። ነገሩ ለማንም የሚገባ ነው፤ የድሮ ኮምፒውተር አንጎሉ የተሠራበት መንገድ ሌላ ነው፣ የአሁኑ ሌላ። ለሁለቱም ማዘጋጀት ድርብ ሥራ ነው፣ የድሮውን የያዘው ሰው ደግሞ እያነሰ መጣ። ስለዚህ የድሮውን ይተዉታል። የእኔዎቹ ሁሉም የድሮዎቹ ናቸው። እኔም ራሴ የድሮ ነኝ፤ ግን ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር አልሞትኩም።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ልጅ እግር ሳለሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሽንሽን ቀሚስና ተረከዙ ረዥም ጫማ አድርጌ በዚያ አቧራ ላይ ስራመድ ከሽርጥ በቀር የማያውቁት የቆላ ሰዎች በግመሎቻቸው መካከል ቆመው ያዩኝ ነበር። ያኔ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ የሮቢ ብርቱካን አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በመስኮት በቅርጫት ይገባል፣ በስሙኒ እቅፍ ሙሉ ነው። ከመናኸሪያው ጥግ ካሴት ቤት ነበረ። የካሴት ቤቱ ሰው ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚለቀው፣ የእኔ ጣት ሳልፈልግ የዘፈኑን ምት ይዞ ይሄዳል። አለቃዬ ከውስጥ ሆኖ «አስናቀች፣ ዛሬ ትዝታ ነው የተከፈተው መሰለኝ፤ ደብዳቤው አላልቅ አለ» ይለኝ ነበር። የአማርኛ ታይፕ የዛሬ ልጆች እንደሚያደርጉት በአንድ ንክኪ የሚወጣ ፊደል አልነበረውም። ፊደሉን መትተሽ፣ እግሩን ወይም ክንዱን ደግሞ ለብቻው መትተሽ ነው የምታሟይው። ጭረቱ ከፊደሉ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ጽሑፉ ሁሉ ትንሽ ወልገድ ወልገድ ያለ ነበር፤ እኔ ግን እወደው ነበር። ከሥሩ ካርቦን አድርጌ ስመታ ሦስተኛው ቅጂ ላይ እንኳ ጎልቶ እንዲወጣ አደርጋለሁ፤ የክንዴ ጉልበት እስከ ዛሬ የዚያ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ኮምፒውተር መጣ ተባለና ታይፖቹን ሰብስበው እግሩ ከተሰበረ ወንበር ጋር መጋዘን አስገቧቸው። የእኔ አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለባትም ነበር። አለቃዬን «ትሠራለች እኮ» ስለው «ጊዜዋ አልፏል» አለኝ። የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ክረምቱን ዝናብ ጠጥታ ከረመች፤ በመስከረም ከፍቼ ሳያት ቁልፎቿ በዝገት ተያይዘው ነበር። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ያኔ የገደላት ጊዜ አይደለም፤ የጣሪያው ቀዳዳ ነው። ከዚያ ወዲህ «ጊዜው አልፏል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ጣሪያውን ነው የማየው።

ከመሥሪያ ቤት ከወጣሁ በኋላ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ሲዘጋ ያወጣውን ጨረታ አሸንፌ እነዚህን ኮምፒውተሮች ገዛሁ። ከአስፋልቱ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈት ቤት ከፈትኩ። የሮቢ ሙቀት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምንም አይመስለው ይሆናል። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ሲጀምር ኮምፒውተሮቹ እየጮኹ ይጠፋሉ፤ ደንበኛው ማመልከቻው ከመሀል ተቆርጦበት ተቀምጦ ያላብበታል። ሁለቱ ጭራሽ ተቃጠሉ። አንድ ቀን ማሽኑን ከፍቼ በካርቶን ሳራግብ ሐጂ ይማም ገቡ። ሐጂ የሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ፤ ከጀውሃ እስከ ካራቆሬ ያለ አራሽ ሽንኩርቱን ይዞ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ውል ለማስጻፍ ነበር የመጡት፤ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና ሳቃቸው መጣ።

«አንቺ አስናቀች፣ ይኼን ነገር በቁሙ ልትቀቅይው ነው እንዴ?»

«ምን ላድርግ ሐጂ፣ ሙቀቱ እኮ ነው።»

«ሙቀቱማ የአላህ ነው፤ ምን አደረገሽ? ጥፋቱ የቤቱ ነው። እኔ ሽንኩርቴን ቆርቆሮ ቤት ባስቀምጠው በሳምንቱ ይበሰብስብኝ ነበር። ሽንኩርት ትንፋሽ ይፈልጋል። ይኼም ትንፋሽ ነው የሚፈልገው፣ ወላሂ! ነይ እስኪ ቤቴን እዪው።»

ሄጄ አየሁት። የጭቃ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ የሣር ክዳን ነው፣ ከግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን ክፍት ተትቶለታል። ሽንኩርቱ መሬት አይነካም፤ ከሸምበቆ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ይሰጣል፤ ነፋሱ ከሥር ገብቶ በላይ ይወጣል። እኩለ ቀን ነበር፤ ውጪው እንደ ምድጃ አፍ እየነደደ እዚያ ውስጥ ግን ላቤ ደረቀ። ሐጂ ግማሹን ሽንኩርት ወደ ወዲያ አስገፉና «ይኼ ቆጥ ያንቺ ነው» አሉኝ። ኮምፒውተሮቹን በሽንኩርቱ ቆጥ ላይ ደረደርኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሙቀት የጠፋብኝ ማሽን የለም። የሥራ ሰዓታችንንም ከአገሩ ልማድ ጋር አደረግነው፤ ሳይሞቅ ጎሕ ሲቀድ እንከፍታለን፣ ፀሐይዋ አናት ስትደርስ ማሽኑም ሰውም ያርፋል፣ ወደ አሥር ሰዓት ነፋስ ሲነሳ እንመለሳለን።

ሊኑክስን ያመጣልኝ ደግሞ የመንገድ ሥራ ካምፕ መሐንዲስ ነበር። በዚያ ዘመን ገበያተኛው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱን ይዞ ይመጣል፤ የመሐንዲሱ ሪፖርት እኔ ቤት ተበልቶ ቀረ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ በማግስቱ ሲዲ ይዞ መጣና «እትዬ አስናቀች፣ ይኼ በነጻ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም አይከብድም» ብሎ ሲጭን ዋለ። የአማርኛው ፊደል ሳይወላገድ ፍርጥም ብሎ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሳይ እንባዬ መጣ፤ ያቺ ዝገት የበላት ታይፔ ትዝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አዲሱ ሲወጣ በፍላሽ አስመጥቼ እጭናለሁ። ሩቅ አገር ያለ የማላውቀው ሰው ለእኔ ብሎ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ምናልባትም እንደዚያ ነበር።

ሐጂ ሲታመሙ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የቅሬያችን ሽማግሎች ጋሼ ሽፈራውና ሼህ ኑሩም ነበሩ። ቅሬያችን የቀብርም የችግርም ማኅበራችን ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነን። ሐጂ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጃቸውን ሁሴንን ጠሩና «ማሽኖቹ እስከሠሩ ድረስ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ማንም እንዳይነካቸው» አሉት። ሁሴን እጃቸውን ስሞ «እሺ አባ» አለ። አላህ ይርሐማቸው፤ ጨዋ ሰው ነበሩ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ስለሱ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ሁላችንም በእግር በመኪና ወደ ደጋው ወጣን፣ ስንመለስ በር የተባለ ሁሉ ተገንጥሎ ጠበቀን። ከመንገዱ ማዶ ያለው መሥሪያ ቤት አዲስ ላፕቶፖችና እንደ መስታወት የሳሱ ስክሪኖች ነበሩት፤ አንዱም የለም። የእኔም በር ተሰብሯል። ወደ ውስጥ ገባሁ። ሽንኩርቱ ተወስዷል፣ ወንበሮቹ ተወስደዋል፣ ግድግዳው ላይ የነበረችው መስታወት ሳትቀር ተወስዳለች። ኮምፒውተሮቼ ግን ሆዳቸውን ነፍተው እንደተደረደሩ ናቸው። ሌባ ንቋቸው ሄዷል! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። መብራት የተመለሰ ዕለት አንድ በአንድ ስከፍታቸው ሁሉም ተነሡ። በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ የተሰለፈው የእኔ በር ላይ ነው። መታወቂያው የተቃጠለበት፣ የቤት ካርታው የጠፋበት፣ የልጁ የትምህርት ማስረጃ አመድ የሆነበት፣ ሁሉም ማመልከቻ ይፈልጋል፤ በከተማው የሚጽፍ ማሽን ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። እነዚህን ነው እንግዲህ ዛሬ ጊዜያቸው አልፏል የሚሉኝ።

ወሬውን መጀመሪያ ያመጣልኝ ራሱ ሁሴን ነው። ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ኮምፒውተር የተማረ፣ ትሑት ልጅ ነው፤ እኔን ከአንቱ ዝቅ አድርጎ ጠርቶኝ አያውቅም። አንድ ከሰዓት ስልኩን እያየ ገባና «እትዬ፣ የሊኑክሶቹ ሰዎች የሠላሳ ሁለት ቢቱን ሊያስቀሩት ነው። አሁንም የሚጠቀም ሰው ካለ ይናገር ብለው ጠይቀዋል» አለኝ።

«ታዲያ አለሁ በልልኛ!»

«እኔ ልጻፍልዎት?»

«አንተ ጻፈው፣ እኔ ልናገር። አስናቀች እባላለሁ፣ ሸዋሮቢት ነኝ፣ ሽንኩርት ቤት ውስጥ ነኝ፣ ማሽኖቼ ጤነኞች ናቸው፣ አለሁ በላቸው። ሽንኩርቱን እንዳትተወው።»

ሁሴን እየሳቀ በእንግሊዝኛ ጽፎ ላከው። ከጥቂት ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ እሱ ነው ያነበበልኝ። ሰውየው በትሕትና ነው የጻፈው። ስለ ሽንኩርቱ ቤት በጣም ደስ ብሎታል፤ አመስግኗል። ነገር ግን ለአሮጌዎቹ ማሽኖች የሚሠራና የሚሞክር እጅ አጥሯል፣ ውሳኔው አይቀየርም፤ ያለንበትን ይዘን መቆየት እንችላለን፣ አዲስ ግን አይመጣም ይላል። እውነቴን ነው የምለው፣ በሰውየው አልፈረድኩበትም። በነጻ ሲሰጠኝ ኖሮ ደከመኝ ቢል ምን እለዋለሁ? አዝኜ ግን ነበር። ሁሴን ያለውን ሁሉ ከኢንተርኔት አውርዶ በአንድ ሃርድ ዲስክ ሞላልኝ፤ የቆላ ሰው ማሽላውን ለክፉ ቀን ጉድጓድ እንደሚከተው እኔም ከተትኩት።

የሚያናድደው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሴን በሌላ ቀን ከወትሮው ይልቅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ቤቱን የስልክ መሸጫና መጠገኛ ሊያደርገው አስቧል፤ ሚስቱ ወልዳለች፣ የሽንኩርቱ ንግድ እንደ ድሮው አይደለም። «እትዬ፣ አባቴ ማሽኖቹ እስከሠሩ ድረስ ነው ያለው። ሠሪዎቹ ራሳቸው አብቅቷል ካሉ ቃሉ ተጠብቋል ማለት ነው። እኔ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰ ያናደደኝ። ከዚህ ቤት ከወጣሁ የማገኘው ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ በአንድ በጋ ማሽኖቼን ይፈጃቸዋል፤ አስቀድሞ አይቼዋለሁ። ከጎኔ ሰዓዳ ተቀምጣ ትለማመድ ነበር። ሰዓዳ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ጀውሃ ሹፌሮች የሚበሉበት ቤት ሰሃን ታጥባለች፣ ጽሕፈት ከቻለች ጸሐፊ ሊያደርጋት ቃል የገባላት የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። «ሁሴን፣ አባትህ ቃሉን የሰጡት ለማሽኖቹ እንጂ ለሊኑክሶቹ አይደለም። አልወጣም። ቅሬ ይፍረደን» አልኩት።

በጁምዓ ማግስት ሽማግሎቹ ሐጂ ግቢ ከማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሼህ ኑሩ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሼ ሽፈራው አሜን አሉ። ሁሴን ነገሩን ሳይቀንስ ሳይጨምር ተናገረ፤ አዲስ ነገር እንደማይመጣላቸው፣ ቢበላሹ የሚያርማቸው እንደሌለ፣ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘቱም አደጋ እንደሆነ። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም እውነት ነው አልኩ። ከኢንተርኔት ጋር አላገናኛቸውም፤ ሥራቸው መጻፍ ነው። ይህን ብዬ ለሽማግሎቹ ተውኩት።

ጋሼ ሽፈራው ብዙ ጊዜ ከሚናገሩት የሚያዳምጡት የሚበልጥ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር እንዳደረጉ ሁሴንን ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ እኔ ቃሬዛ መሸከም ካቆምኩ ስንት ዓመቴ ነው?»

«ኧረ ብዙ ነው ጋሼ።»

«መቆፈርስ?»

«እሱንም ትተዋል።»

«አባትህ ሲቀበር አካፋ ይዤ አየኸኝ?»

«አላየሁም። ተቀምጠው ሰው ያጽናኑ ነበር።»

«ታዲያ ከቅሬ ሰረዛችሁኝ እንዴ?»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሁሴንም ሳቀ። «እንዴት ተደርጎ ጋሼ!» አለ።

«ቅሬ ሽማግሌ አይሰርዝም። ሽማግሌውም የሚችለውን ይሠራል። የሚያጎርሰው ቢጠፋም ያለውን እየበላ ይኖራል» አሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው ሼህ ኑሩን «አንተስ ምን ትላለህ?» አሏቸው።

ሼህ ኑሩም «የሟች ቃል አማና ነው፤ አደራ ነው። ማሽኖቹ ከሠሩ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ካልሠሩ የልጁ ነው። ሽንኩርቱ ካለቀ ወዲህ የቤቱ ሌላው ግማሽ ሽታው ብቻ ቀርቶት ባዶውን ነው፤ ሁሴን በዚያ በኩል ሱቁን ያውጣ፣ በሩን ወደ መንገድ ይክፈት። ኢንሻአላህ ሁለቱም እንጀራቸውን ይበላሉ» አሉ። ሁሴን መሬቱን በእግሩ ጫረ። ሙሉ ቤት ነበር የፈለገው፤ ፊቱ ላይ ይታያል። በመጨረሻ «እሺ፣ ግን በጽሑፍ ይሁን። ነገ ልጆቼም ይጠይቁኛል» አለ።

«ይጻፋ!» አሉ ጋሼ ሽፈራው።

ሁሴን ስልኩን አወጣ። «የምን ስልክ ነው?» አሉ ሼህ ኑሩ፤ «የምንፈርምበት ወረቀት ይምጣ እንጂ!» ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ወደ ሽንኩርቱ ቤት ዞረ። ሁሴንም ዞረ፤ ከዚያ እኔን አየኝና ፈገግታው አመለጠው።

ተነሣሁ። ሽማግሎቹ ከዘራቸውን እየተደገፉ ተከትለውኝ ገቡ። ማሽኑን ከፈትኩ፤ ያ ሽታ መጣ። ስክሪኑ ሲበራ ከመጨረሻው ጭነት ጋር የመጣችው፣ በከፈትኩ ቁጥር የምትወጣዋ ማስታወቂያ ብቅ አለች፤ ለዚህ ማሽን ከእንግዲህ አዲስ ነገር የለም የምትለው። ሁሴን አነበባት፣ እኔም አነበብኳት፤ ዘጋኋትና መጻፍ ጀመርኩ። ሼህ ኑሩ ቃል በቃል እየነገሩኝ፣ ሰዓዳ ከኋላዬ ቆማ ጣቴን እያየች፣ ሐጂ ያሉትን እንዳሉት አሰፈርኩት። ሁሴን ከትከሻዬ በላይ ሲያነብ ቆየና «እትዬ፣ አንድ ነገር ይጨመር። ሠሩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይጻፍልኝ፤ ኋላ ሰው እንዳይጣላበት» አለ። የተማረ ልጅ ነውና ልክ ነበር። ሽማግሎቹ ተያዩ። ጋሼ ሽፈራው በከዘራቸው ሣጥኑን ነካ አደረጉና «ሰው ያዘዛቸውን ጽፈው ካወጡ ሠርተዋል በይ» አሉ። እንደዚያው ብዬ ጻፍኩ።

ፕሪንተሩ እየጮኸ አወጣው። ሁሴን ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አነበበ፣ ፈረመ፤ ሽማግሎቹም ከሥሩ ፈረሙ፤ ከዚያ ሁሴን «አንድ ቅጂ ለእኔ ይድገሙልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። የመጀመሪያውን በሩ ላይ ለጠፍኩት። የቆላ ፀሐይ ቀለም ትበላለች፤ በበላችው ቁጥር እንደገና አትመዋለሁ።